በውሃ የማያስቸግር፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያብብ የግቢ ምንጣፍ

ድሬዳዋ ላይ ሣር ማሳደግ ከባድ ነው። ግንቦት ላይ ጥቂት ቀን ካላጠጣችሁት ቢጫ ይሆናል። እኔ ሣሩን ትቼ አፕቴኒያ የምትባል ተክል ተከልኩ፤ በጣም ነው የምወዳት።

የትውልድ አገሯ ደቡብ አፍሪካ ነው። መሬት ለመሬት እየተሳበች ትሄዳለች። ቅጠሏ የልብ ቅርጽ አለው፤ ወፍራም ነው፤ በጣት ሲጨምቁት ውሃ ያወጣል። ድርቁን የምታልፈው በዚያ ውሃ ነው። ትንንሽ ቀይ ሮዝ አበቦቿ ፀሐይ ሲበረታ ይፈካሉ፣ ሲመሽ ይከደናሉ። ጥላ ሥር ከተከላችኋት አበባዋን እምብዛም አታዩትም።

ዘር መፈለግ አያስፈልግም። ካላት ጎረቤት ቁራጭ ለምኑ። 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡና የታችኞቹን ቅጠሎች አንሱ። ከዚያ አንድ ሁለት ቀን ጥላ ላይ አስቀምጧት። የተቆረጠው ጫፍ ሳይደርቅ አፈር ከገባ ይበሰብሳል፤ ይህን አትዝለሉት።

መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር፣ ካለፋችሁም ሐምሌ ላይ ትከሉ። መሬቱን አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ አለስልሱ። የድሬ አሸዋማ አፈር ይስማማታል፤ የደረቀ ፍግ ትንሽ ጣል ማድረግ ይበቃል። ውሃ የሚያቁር ቦታ ከሆነ ግን አሸዋ ጨምሩና ከፍ አድርጉት። በቁራጮቹ መሃል 30 ሳንቲ ሜትር ተዉ። ሥር እስክትይዝ ዶሮና ፍየል አታስደርሱባት።

የመጀመሪያዎቹን 3 ሳምንታት በየ2 ወይም 3 ቀኑ አመሻሽ ላይ አጠጡ። ከዚያ አንዷን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉ። አልነቀል ካለች ሥር ይዛለች ማለት ነው። ከዚህ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ! በደረቁ ወቅት በሳምንት አንዴ ይበቃታል፤ ዝናብ ካለ እሱም ይቅር። የእኔን የመጀመሪያ መደብ የገደለው ጥም ሳይሆን በየቀኑ ማጠጣቴ ነው። የተጠማች ቅጠሏ ይሳሳል፣ ይሸበሸባል፤ ውሃ ስታገኝ ቶሎ ትመለሳለች። ውሃ የበዛባት ግን ግንዷ ከታች ይጠቁርና ይልሞሰሞሳል፤ ያኔ ጤነኛውን ጫፍ ቆርጦ እንደገና መትከል ነው።

መሬቱን እስክትሸፍን አረሙን ንቀሉላት። ከሸፈነች በኋላ ጠርዟን መከርከም ብቻ ነው ሥራው። የከረከማችሁትን ደቻቱ ወንዝ ውስጥ አትጣሉ። የወደቀች ቁራጭ ራሷ ሥር ትሰዳለች፤ የወፍ ቆሎ ከአጥር ወጥቶ የግጦሹን መሬት እንዴት እንደወረረው አይተናል። ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቃችሁ አቃጥሉት፣ ወይም ለሚፈልግ ጎረቤት ስጡ።