አደይ አበባ በጥፍር ላይ

ለእንቁጣጣሽ ጥፍሬን ራሴ ነው የምሠራው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ብርዱ ኩቴክስ ቶሎ አያደርቅም፤ ስለዚህ ወፍራም አትቀቡ። ስስ አድርጋችሁ ሁለቴ ቀቡ፣ በመሀል ጠብቁ። አንዴ ቸኩዬ ተኝቼ የአንሶላው ሽመና ጥፍሬ ላይ ታትሞ አደረ!

አበባው ቀላል ነው። ቢጫውን ጠብ አድርጋችሁ ፎይል ላይ አፍስሱ። ራሱ ክብ የሆነ ስፒል ነክራችሁ አምስት ነጥብ ዙሪያውን አሳርፉ፤ መሀሉ ላይ በስቴኪኒ ጫፍ አንድ ብርቱካናማ። ስፒሉን ለእያንዳንዱ ነጥብ እንደገና ንከሩት፣ አለዚያ ነጥቦቹ እያነሱ ይሄዳሉ። በጥፍሩ ዙሪያ ያለውን ቆዳ ቀድማችሁ ቫዝሊን ቀቡት፤ ጥፍሩን ከነካ ግን ቀለሙ አይይዝም።

ቀኝ እጅ ያስቸግራል። እኔ እህቴን ነው የምለምነው።