በመዝናኛ መርከብ ላይ ኖሮቫይረስ ሲነሳ ምን ይደረጋል?

የመርከቡ ምግብ አዳራሽ በር ላይ አንድ ሠራተኛ የሳኒታይዘር ጠርሙስ ይዞ ይቆማል። ተሳፋሪው እጁን ዘርግቶ ጠብታውን ይቀበላል፣ አሸት አሸት ያደርግና ሳህን ያነሳል። ለኢንፍሉዌንዛና ለኮሮና ይህ ይጠቅማል። መርከብ ላይ ብዙ ሰው በአንዴ የሚጥለው የሆድ በሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኖሮቫይረስ ነው፤ እሱን ደግሞ አልኮል እምብዛም አይበግረውም። ኮሮናና ኢንፍሉዌንዛ በስብ የተጠቀለሉ ስለሆኑ አልኮል መጠቅለያቸውን ያሟሟዋል። ኖሮቫይረስ ስብ የለውም፣ ቅርፊቱ ጠንካራ ፕሮቲን ነው። ሳሙናም ቢሆን አይገድለውም፤ ከቆዳ ላይ ያላቅቀዋል እንጂ። ጠርጎ የሚወስደው የሚፈሰው ውሃ ስለሆነ ማለቅለቁ ላይ መቸኮል የለም።

መርከብ በዚህ በሽታ ስሙ ይነሳ እንጂ፣ በአሜሪካ ከሚመዘገቡት የኖሮቫይረስ ወረርሽኞች በመርከብ ላይ የሚነሱት 1 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። አብዛኛው የሚነሳው በአረጋውያን መጦሪያና መሰል ተቋማት ነው። መርከቡ ጎልቶ የሚታየው የታመመውን ሰው ቆጥሮ የማሳወቅ ግዴታ ስላለበት ነው። ከውጭ አገር ጉዞ ወደ አሜሪካ ወደብ የሚገባ መርከብ ከተሳፋሪዎቹ ወይም ከሠራተኞቹ 3 በመቶው የሆድ ሕመም ምልክት እንዳለባቸው ለሐኪሙ ካመለከቱ፣ ጉዳዩ በአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ዝርዝር ላይ ይወጣል። 3,000 ተሳፋሪ በጫነ መርከብ ይህ 90 ተሳፋሪ ማለት ነው። አንዳንዴ ከዚያ እጅግ ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ከኒው ጀርሲ ተነስቶ ወደ ካሪቢያን የሄደው «ኤክስፕሎረር ኦፍ ዘ ሲስ» ከ600 በላይ ተሳፋሪዎች ታመውበት ጉዞውን አሳጥሮ ተመልሷል።

ቫይረሱ ከሰው ከገባ በኋላ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ትውከት፣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት በድንገት ይመጣሉ። ራስ ምታት፣ ቁርጥማትና ቀላል ትኩሳትም ሊኖር ይችላል። አብዛኛው ሰው ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይሻለዋል። ለመታመም ከ100 ያነሱ የቫይረስ ቅንጣቶች ይበቃሉ፤ የታመመ ሰው አንድ ግራም ሰገራ ደግሞ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ይይዛል። እጅን «ለወጉ ያህል» አርጥቦ መተው የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ከመሳፈር በፊት

ሲዲሲ መርከቦችን ሳያስጠነቅቅ እየገባ ይመረምራል፣ ከ100ም ነጥብ ይሰጣል። 86ና ከዚያ በላይ ማለፊያ ነው፣ 85ና ከዚያ በታች ወድቋል። ውጤቱ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ማየት ጥሩ ነው፤ ብዙ እምነት ግን አትጣሉበት። ነጥቡ ስለ ወጥ ቤቱ፣ ስለ ውሃውና ስለ መዋኛው ይነግራችኋል። ከጎናችሁ የሚሳፈረው ሰው ትናንት ማታ ሲያስመልሰው ማደሩን አይነግራችሁም።

ከዲሲና ከሜሪላንድ በመኪና ባልቲሞር ወደብ ደርሶ የሚሳፈር ቤተሰብ ሻንጣው እንደልብ ነው፤ በአውሮፕላን ሄዶ የሚሳፈር ግን በረኪና ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። በመኪና ለሚሄደውም ቢሆን በረኪናው ቤት ይቅር፦ ካቢን ጠባብ ስለሆነ ሽታው ያፍናል፣ ሠራተኞቹም ከናንተው የተሻለ የማጽጃ መድኃኒት አላቸው። በምትኩ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለአንድ ሰው 4 ያህል ከረጢት ኦአርኤስ (በተቅማጥና በትውከት የወጣውን ፈሳሽ ለመተካት በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት)፣ የሙቀት መለኪያ፣ ፓራሲታሞል፣ ጥቂት ጓንትና የማያፈስ ፌስታል ያዙ። ማጽጃ ዋይፕስ የምትገዙ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። «99.9 በመቶ ጀርም ይገድላል» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ኖሮቫይረስ በስሙ ካልተጠቀሰ ለዚህ ጉዳይ አይሆንም።

ስትሳፈሩ በሰሞኑ ተቅማጥ ወይም ትውከት ነበረባችሁ ወይ የሚል ፎርም ይሰጣችኋል። ገንዘቤ ይቀልጣል ብሎ «የለም» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ወረርሽኙን ይዞ የሚገባውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። መፍትሔው አስቀድሞ ነው፦ በሕመም ምክንያት የቀረን ጉዞ የሚከፍል ኢንሹራንስ መግዛት።

እጅ አስታጣጠብና ቡፌ

እኛ ዘንድ ከማዕድ በፊት ማስታጠብ ወግ ነው፤ ነገር ግን ከማንቆርቆሪያ የምትወርደው ጭላጭ ሥራውን አትሠራም። ቀለበት አውልቁ። እጃችሁን አርጥቡና ሳሙናውን 20 ሰከንድ እሹ። ሰው ሁሉ መዳፉን አሽቶ የሚረሳው አውራ ጣቱን፣ የጣቶቹን መሐልና የጥፍሩን ሥር ነው፤ ጥፍሩን በሌላኛው መዳፍ ላይ ሳሙናው ውስጥ መፋቅ ይጠይቃል። በሚወርድ ውሃ አለቅልቁ፣ በወረቀት አድርቁ፣ በዚያው ወረቀት ቧንቧውን ዝጉ፣ በሩንም ክፈቱበት። በታጠበ እጅ የመጸዳጃ ቤቱን እጀታ ይዞ መውጣት ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

ቡፌ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሰዉ ታጥቦ ይገባል፣ ከዚያ መቶ ሰው የጨበጠውን የምግብ መቆንጠጫ ይይዛል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ በዚያው እጁ ዳቦ ይቆርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ አንሱ፣ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ ሄዳችሁ ታጠቡና ብሉ። አንድ ሰው ሳህኖቹን ይጠብቅ። ስልክ ምግብ ላይ አይነካ፤ ሊፍትና የደረጃ መደገፊያ የነካ እጅ ቀኑን ሙሉ ሲዳብሰው ውሏል። ሰው መታመሙን ከሰማችሁ ቡፌውን ትታችሁ አስተናጋጅ ወደሚያቀርብበት ምግብ ቤት ዙሩ።

ትኩስና ገና ከእሳት የወጣ ነገር ከቀዝቃዛ ይሻላል። ጥሬ ኦይስተር ተዉ፣ በእንፋሎት ለአፍታ የተመታም ቢሆን፤ ቫይረሱ 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ሊቋቋም ይችላል። ጾመኛ ከሆናችሁ የምታዘወትሩት ሰላጣና የተቆራረጠ ፍራፍሬ ብዙ እጅ የነካው ጥሬ ምግብ ስለሆነ፣ በዚያ ፋንታ የበሰለ አትክልት፣ ሩዝ፣ ባቄላና ራሳችሁ የምትልጡትን ሙዝና ብርቱካን ምረጡ። ጉርሻና ከአንድ ሳህን መብላት እስክትወርዱ ይቆይ። ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳሙም እንዲሁ፤ እጅ ነስቶ ሰላም ማለት ያባት ነው።

ሕፃናትን በተመለከተ፣ ዳይፐር ያደረገ ልጅ ለሱ ተብሎ ካልተሠራ መዋኛ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው ሕግ ከዚሁ በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። «ለአንድ አፍታ ነው» ብላችሁ አታስገቡት።

አጠገባችሁ ሰው ካስመለሰ

ትውከት ሲወጣ ለዓይን የማይታዩ ነጠብጣቦች በአየር ይበተናሉ። የመርከብ ሠራተኞች የሚያጸዱት የቆሸሸውን ቦታ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን እስከ 7 ወይም 8 ሜትር ድረስ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እናንተ ግን ለማጽዳት አትሞክሩ። ራቁ፣ ልጆችን አርቁ፣ ሠራተኛ ጥሩ። ጠረጴዛችሁ በዚያ ክልል ውስጥ ከነበረ የተከፈተው ምግብ ይጣል፤ ቢያሳዝንም ይጣል። ከዚያ እጅና ፊት በሳሙና መታጠብ፣ ልብስ መለወጥ።

ካቢን ውስጥ ከሆነና ሠራተኛው እስኪደርስ ማስተናገድ ካለባችሁ ጓንትና ማስክ አድርጉ። በእርጥብ ወረቀት ሸፍኑት፣ ከዳር ወደ መሐል እየሰበሰባችሁ አንሱ፣ በሁለት ፌስታል ደራርባችሁ ቋጥሩ። ከመሐል ወደ ዳር መጥረግ ያሰፋዋል። አንሶላና ፎጣ አታራግፉ፣ ጠቅልላችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ያነሳችሁበትን ወረቀትና ዋይፕስ ሽንት ቤት ውስጥ በፍጹም አትጨምሩ፦ የመርከብ ሽንት ቤት በአየር ስበት የሚመጥጥ ስለሆነ አንድ ጭብጥ ወረቀት ሲዘጋው የናንተ ብቻ ሳይሆን በዚያው መስመር ያሉ ካቢኖች ሁሉ ሊቆሙ ይችላሉ። ተቅማጥ በነገሠበት ቀን ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ስትለቁበትም መክደኛውን ዝጉ።

ከታመማችሁ

«ባሕሩ ነው ያናወጠኝ» ማለት የተለመደ ነው። ባሕር ያዞረው ሰው ያስመልሰዋል እንጂ ተቅማጥና ትኩሳት አይኖረውም፣ ባሕሩ ሲረጋም ቀለል ይለዋል። በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ሰገራ ከቀጠነባችሁ፣ ወይም ትውከት ከቁርጠት፣ ከትኩሳት፣ ከራስ ምታት ወይም ከጡንቻ ሕመም ጋር ከመጣ፣ መርከቡም የሚቆጥረው እንደ ሆድ በሽታ ነው። ያኔ ክሊኒክ በእግር አትሂዱ፤ ከካቢን ስልክ ደውሉ። በእግር የሄደ ሰው ሊፍቱን፣ መተላለፊያውንና የተጠባባቂውን ወንበር ሁሉ ይበክላል። ክፍያውን ስትደውሉ ጠይቁ፣ አንዳንድ መርከቦች ለሆድ ወረርሽኝ አያስከፍሉም።

ምልክቱ ካቆመ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ካቢን ውስጥ መቆየት ነው። ምግብ የሚነኩ ሠራተኞች 48 ሰዓት ይገለላሉ። በአራተኛው ቀን የሚገኘውን የባሕር ዳርቻ ላለማጣት ብሎ ቀድሞ መውጣት ወረርሽኙን መርከቡ ላይ እንደገና ያስነሳል።

አጠጣጡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካስመለሰ በኋላ ጠምቶት አንድ ብርጭቆ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል፤ ሆዱ ይወጠርና ሁሉንም ይመልሰዋል። ከትውከት በኋላ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በየ1 ወይም 2 ደቂቃ አንድ የሻይ ማንኪያ ኦአርኤስ ስጡ፤ ከተቀበለው ቀስ በቀስ አብዙ። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን ጠብቁ፣ ብዙዎቹ ለ1 ሊትር ናቸው። በጣም ማወፈር ተቅማጡን ያብሳል። ከረጢት ካለቀ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ተስተካክሎ የተለካ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ከበዛ ይጎዳል፣ በተለይ ሕፃንን፤ ስለዚህ በግምት አትበትኑ። ለስላሳና የታሸገ ጁስ ስኳራቸው ከፍተኛ ስለሆነ ይቅሩ። ጡት የሚጠባ ሕፃን መጥባቱን ይቀጥል።

ፌጦ በሎሚ ለዚህ አይሆንም፣ የተቆጣ ሆድ ላይ ሌላ ቁጣ ነው። «አሜባ ነው» ብሎ ከሻንጣ ሜትሮኒዳዞል ወይም አንቲባዮቲክ መዋጥም ቫይረስ ላይ ምንም አይሠራም፤ ማቅለሽለሹን ግን ይጨምራል። ተቅማጥ የሚያስቆም ክኒን ለልጅ አይሰጥ፤ ትኩሳት ወይም ደም ካለም አዋቂ አይውሰደው።

አፍ ከደረቀ፣ ሽንት ከጠቆረ ወይም ከጠፋ፣ ሲቆሙ ካዞረ፣ ሕፃን ያለ እንባ ካለቀሰ ወይም ከወትሮው በላይ ካንቀላፋ ውሃው አልቆበታልና ሐኪሙ ይምጣ። ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ትኩሳቱ ከ39 ካለፈ ወይም ከ3 ቀን በላይ ከቆየ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት አብረዋችሁ ካሉ «ደህና ነኝ ልጄ» ሲሉ አትቀበሉ፣ ስንቴ እንደጠጡና ስንቴ ሽንት ቤት እንደሄዱ ቁጠሩ። የስኳር፣ የልብ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለክሊኒኩ ወዲያው ይነገር።

ቤት ስትመለሱ

ቫይረሱ ከዳነ ሰው ለ2 ሳምንትና ከዚያም በላይ መውጣቱን ሊቀጥል ይችላል። ሕመሙ ካቆመ በኋላ ቢያንስ 2 ቀን ለሌላ ሰው ምግብ አትሥሩ፤ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ የሚመጣውን ዘመድ ቡና የሚያፈላውና ዳቦ የሚቆርሰው ያልታመመው ይሁን።

በረኪናው አሁን ይውጣ። 5 በመቶ የሆነ የቤት በረኪና ከሆነ ለበር እጀታ፣ ለቧንቧና ለሪሞት 20 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውሃ፤ ትውከት ወይም ተቅማጥ ለነካው ጠንካራ ወለልና መጸዳጃ 100 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር። መጀመሪያ ቆሻሻውን አንሱ፣ ምክንያቱም በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲያርፍ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። ከቀባችሁ በኋላ ቢያንስ 5 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፣ ከዚያ በውሃ አለቅልቁ። ዕለት በዕለት አዲስ በጥብጡ፤ የከረመ ብጥብጥ ይደክማል። መስኮት ክፈቱ። ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሪሞትና ስልክ ላይ አትርጩ፣ በተነከረ ጨርቅ ጥረጉ።

የሻንጣውን ልብስ ሁሉ፣ ያልተለበሰውንም ጨምሮ፣ ጨርቁ በሚችለው ከፍተኛ ሙቀት እጠቡና በማድረቂያ ማሽን አድርቁ። የሻንጣውን እጀታና ጎማ ደግሞ ወደ ቤት ከማስገባታችሁ በፊት በር ላይ ጥረጉት።