ስለ መርከብ ሰዓት ታሪክ ሲወራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የባህር ላይ ሰዓት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚነገረው። መርከበኞች ያሉበትን አያውቁም ነበር፣ ብዙ ሰው አለቀ፣ ጆን ሃሪሰን የሚባል አንድ አናጢ ሰዓት ሠራ፣ ችግሩ ተፈታ። ታሪኩን በጣም እወደዋለሁ። ስለምወደውም ሲዛባ ዝም ብዬ ማለፍ ያቅተኛል። በቪዲዮም በጽሑፍም ተደጋግመው የሚመጡትን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስለ አዲስ አበባ ሳወራ ግን ሰዓቱም ቀኑም በእኛው ነው።

ሰዓቱ ቦታን ይናገራል ብሎ ማሰብ

አይናገርም። የመርከብ ሰዓት የሚናገረው ሌላ ቦታ ላይ ስንት ሰዓት እንደሆነ ነው።

መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች። በሰዓት 15 ዲግሪ ማለት ነው፤ ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ መርከቧ ያለችበት ቦታ ጊዜ ነው፤ እሱን ፀሐይ ወይም ኮከብ ይሰጣል። ሌላው የአንድ የታወቀ ቦታ፣ ለምሳሌ ለንደን ያለችው የግሪኒች፣ ጊዜ ነው፤ እሱን ከወደብ ተይዞ የወጣው ሰዓት ይጠብቃል። የሁለቱ ልዩነት ኬንትሮስን ይሰጣል፤ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደተራቀ ይታወቃል።

በአዲስ አበባ እንሞክረው። ከተማዋ ከግሪኒች ወደ ምሥራቅ 38.75 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በ4 ደቂቃ ሲባዛ 155 ደቂቃ፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይመጣል። በፀሐይ ከሄድን ግሪኒችን የምንቀድመው ይህን ያህል ነው። የግድግዳ ሰዓታችን ግን ድፍን 3 ሰዓት ይቀድማል። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከፍ ብላ ጫፍ የምትደርሰው በአማካይ ልክ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6፡25 አካባቢ የሆነው።

ኬክሮስ፣ የሰሜንና የደቡቡ ማለቴ ነው፣ ሰዓት አይፈልግም። የሰሜን ኮከብን ወይም የእኩለ ቀን ፀሐይን ከፍታ መለካት ይበቃል። ስለዚህ የጥንት መርከበኞች በዕውር ድንብር ይሄዱ ነበር ማለትም ልክ አይደለም። መጀመሪያ የሚፈልጉትን ኬክሮስ ያገኛሉ፤ ከዚያ እሱን ሳይለቁ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ይጓዛሉ። መንገዱ ይረዝማል እንጂ ያደርሳል።

እዚሁ ላይ የምትደገም ሌላ ስህተት አለች። ኬንትሮስ የሚለካው ልክ በእኩለ ቀን ነው ይባላል። እኩለ ቀን ላይ ግን ፀሐይ ለተወሰኑ ደቂቃዎች የቆመች ትመስላለች፤ ጫፍ የደረሰችበትን ሰከንድ በዓይን መለየት አይቻልም። የ4 ሰከንድ ስህተት ደግሞ ምድር ወገብ ላይ አንድ የባህር ማይል ነው። ስለዚህ ለኬንትሮስ የሚለኩት ፀሐይ በፍጥነት በምትወጣበት ጠዋት ወይም በምትወርድበት ከሰዓት በኋላ ነው። አንዱ መርከቧ ወለል ላይ ሴክስታንት፣ የፀሐይን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ፣ ይዞ ይቆማል፤ ልክ ሲደርስ ይጮሃል፤ ሌላው ሰዓቱ ጋ ሆኖ ሰከንዷን ይጽፋል።

ከሃሪሰን በፊት መርከብ ላይ ጊዜ አይቆጠርም ነበር ማለት

ይቆጠር ነበር፤ በአሸዋ ሰዓት። የግማሽ ሰዓት ብርጭቆ ነበረች፤ አሸዋው ባለቀ ቁጥር አንድ ልጅ ይገለብጣትና ደወል ይመታል። ስምንት ደወል ሲሞላ የ4 ሰዓት ተረኛው ያርፋል። ልጁ ብርድና እንቅልፍ ሲያስቸግረው አሸዋው ሳያልቅ ይገለብጣታል፤ ተረኛነቱ ታጥራለች፣ የመርከቧ ሰዓት ደግሞ ይዛባል።

ለፍጥነት የ28 ሰከንድ ብርጭቆ ይጠቀሙ ነበር። ቋጠሮ ያለበት ገመድ ወደ ባህር ይለቀቃል፤ አሸዋው እስኪያልቅ ስንት ቋጠሮ እንዳለፈ ይቆጠራል። ያቺ ብርጭቆ አንድ ሰከንድ ብቻ ብትዘገይ፣ 1,000 ማይል የሄደች መርከብ 1,036 ማይል የሄደች ትመስላለች። ጨለማ ውስጥ ወደ አለት ለሚጠጋ ካፒቴን 36 ማይል ቀላል አይደለም።

የ1707ቱን አደጋ በኬንትሮስ ላይ ብቻ ማላከክ

በጥቅምት 1707 የአድሚራል ክላውድስሊ ሾቨል መርከቦች ከጊብራልታር ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ የሲሊ ደሴቶች አለት ላይ ወጡ። አራት መርከቦች ሰጠሙ። የሞተው ሰው ከ1,400 እስከ 2,000 ይገመታል። አደጋው ሁሌም የሰዓት አለመኖር ያመጣው ጥፋት ተደርጎ ይቀርባል። ከተረፉት መርከቦች የተገኙት የጉዞ መዝገቦች ግን ኬክሮሱም ላይ ስህተት እንደነበረ ያሳያሉ። ያ ደግሞ ሰዓት የማይፈልገው ልኬት ነው። አንድ መርከበኛ አስቀድሞ አስጠንቅቆ አድሚራሉ ሰቀለው የሚለውም አፈ ታሪክ ነው፤ እባካችሁ እንደ እውነት አታስተላልፉት።

ጥሩ ሰዓት የማይሳሳት ሰዓት ነው ብሎ ማሰብ

ከሁሉም በላይ መታረም አለበት የምለው ይህን ነው። ያለዚህ ታሪኩ አይገባም።

በ1714 የእንግሊዝ ፓርላማ ኬንትሮስን በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ለሚያገኝ 20,000 ፓውንድ ሽልማት አወጀ። ፈተናው ከብሪታንያ እስከ ካሪቢያን ደሴቶች የሚደረግ ጉዞ ነበር፤ ወደ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ግማሽ ዲግሪ 2 ደቂቃ ነው። ስድስት ሳምንት ላይ ሲከፋፈል ሰዓቱ በቀን 3 ሰከንድ ገደማ ብቻ እንዲዛባ ይፈቀድለታል ማለት ነው፤ ያውም በሚናወጥ መርከብ ላይ፣ ከብርድ ወደ ሙቀት እየገባ።

ክርስቲያን ሃይገንስ በ1656 የሠራው የፔንዱለም ሰዓት የብስ ላይ ድንቅ ነበር። ባህር ላይ ሲሞከር ግን ማዕበሉ ፔንዱለሙን ያሳስተው ጀመር። ሙቀት ብረቱን ያስረዝመዋል፣ ሞላውን ያላላዋል፣ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ ብርድ ተቃራኒውን ያደርጋል።

ጆን ሃሪሰን በ1693 ዮርክሻየር ውስጥ የተወለደ አናጢ ነው። የመጀመሪያው የባህር ሰዓቱ በ1736 ወደ ሊዝበን ተጉዞ ተሞከረ። ሦስተኛው 19 ዓመት ፈጀበት። በ1759 ያለቀው አራተኛው ግን መልኩም ሌላ ነበር፤ ስፋቱ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ትልቅ የኪስ ሰዓት። በ1761 ልጁ ዊልያም ይዞት ወደ ጃማይካ ሄደ። ከ81 ቀን በኋላ የተገኘው ስህተት 5 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነበር።

ይህችን 5 ሰከንድ ሁሉም ይጠቅሳታል። እንዴት እንደተገኘች ግን አይነገርም። ሰዓቱ በቀን 2 ሰከንድ ከሁለት ሦስተኛ ወደ ኋላ ይቀር ነበር፤ ይህም ከመነሳታቸው በፊት ፖርትስማውዝ ላይ ተለክቷል። በ81 ቀን ሲባዛ 216 ሰከንድ ነው፤ ከሦስት ደቂቃ ተኩል በላይ። ይህ ሳይታሰብ ቢቀር ሰዓቱ ለሽልማቱ ከተፈቀደው 2 ደቂቃ ውጭ በሆነ ነበር። 5 ሰከንዷ የተገኘችው የታወቀው መዘግየት ተቀንሶ ነው። ሃሪሰን የሠራው ስህተቱ በየቀኑ አንድ ዓይነት የሆነ ሰዓት ነው። በቀን 10 ሰከንድ የሚቀር ሰዓት፣ ሁልጊዜ ልክ 10 ከሆነ፣ መርከብ ያደርሳል። ዛሬ 1 ሰከንድ ቀርቶ ነገ 2 የሚቀድም ሰዓት ግን አይታመንም።

የክሮኖሜትር፣ እንዲህ ያለው የባህር ሰዓት ስሙ ነው፣ አያያዝ ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሞላል፤ ሞላው ሁልጊዜ እኩል እንዲስብ። በነሐስ ቀለበት ላይ ተንጠልጥሎ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ መርከቧ ስትጋደል እሱ አግድም ይቆያል። ወደ ላይ ተሸክሞት የሚወጣም የለም። ተሳሳተ ተብሎ ቆጣሪው መቼም አይነካም። ስህተቱ መዝገብ ላይ ይጻፋል እንጂ ሰዓቱ አይስተካከልም። የነካው ሰው የቀናት ልኬት አበላሸ ማለት ነው።

ወደብ ሲደርሱ ስህተቱ እንደገና ይለካል። ግሪኒች ላይ ከ1833 ጀምሮ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በ1 ሰዓት፣ በእኛ አጠራር የግሪኒች 7 ሰዓት መሆኑ ነው፣ ከምሰሶ ላይ አንድ ትልቅ ኳስ ይወርዳል። ቴምስ ወንዝ ላይ የቆሙ መርከቦች ያንን አይተው ሰዓታቸውን ይመረምሩ ነበር። የተፈጥሮ ተመራማሪውን ዳርዊንን ይዛ በ1831 የወጣችው መርከብ ቢግል ደግሞ 22 ክሮኖሜትር ጭና ነበር። አንዱ ሲያብድ በሌሎቹ ይታወቃል። ሁለት ብቻ ከሆኑ ግን ሲለያዩ የትኛው እንደተሳሳተ መለየት አይቻልም።

የፀሐይን ሰዓትና የሜካኒክ ሰዓትን አንድ አድርጎ ማየት

ፀሐይ እንደ ሰዓት እኩል አትራመድም። የመሬት ምህዋር ሞላላ ነው፤ መሬትም ያዘመመች ናት። በዚህ ምክንያት የፀሐይ እኩለ ቀን ከአማካዩ እስከ 16 ደቂቃ ድረስ ይቀድማል ወይም እስከ 14 ደቂቃ ይዘገያል። አዲስ አበባ ላይ አማካዩ 6፡25 ነው ብለናል። ጥቅምት 24 አካባቢ ግን ፀሐይ 6፡09 ገደማ ላይ ጫፍ ትደርሳለች፤ የካቲት 4 አካባቢ 6፡39 ገደማ ላይ። ሁለት ክንድ የሚረዝም እንጨት አቁሞ ጥላው መቼ እንደሚያጥር ማየት ለሚፈልግ ልዩነቱ ግልጽ ነው። መርከብ ላይ ይህን የዘነጋ ሰው 16 ደቂቃ፣ ማለትም 4 ዲግሪ፣ ይስታል። ማስተካከያው ለየቀኑ ተሰልቶ በሠንጠረዥ ይታተም ነበር።

ሃሪሰንን ጻድቅ፣ ማስክላይንን ርጉም ማድረግ

ታሪኩ የሚጣፍጠው ጠላት ሲኖረው ነው መሰለኝ፣ የግሪኒቹ የሥነ ፈለክ ሊቅ ኔቪል ማስክላይን የደሃውን አናጢ ሽልማት የቀማ ተደርጎ ይሳላል። ከፊሉ እውነት ነው። ማስክላይን በጨረቃና በከዋክብት መካከል ያለውን ርቀት በመለካት ኬንትሮስ የማግኘትን ዘዴ ይደግፍ ነበር፤ በዚያው ላይ የሰዓቱ ፈራጅ ሆኖ ተቀመጠ። ይህ ተገቢ አልነበረም። ሃሪሰን በ1765 10,000 ፓውንድ ሲሰጠው ሰዓቶቹን እንዲያስረክብ ተገደደ። በ1773 ፓርላማው 8,750 ፓውንድ ሲጨምርለት ዕድሜው 80 ነበር። ሽልማቱን እንዲዳኝ የተቋቋመው ቦርድ ግን ዋናውን ሽልማት አሸንፏል ብሎ አላወጀለትም። ያም ሆኖ በየጊዜው የተሰጠው ሁሉ ሲደመር ከ20,000 ፓውንድ ይበልጣል። ባዶ እጁን ሞተ የሚለው ትክክል አይደለም።

የጨረቃው ዘዴም የማይረባ አልነበረም። ጨረቃ ከከዋክብት አንጻር በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ትሄዳለች፤ ሰማይ ላይ ያለች ቆጣሪ ናት። ማስክላይን ለ1767 ባሳተመው የባህር አልማናክ፣ የሰማይ አካላት ሠንጠረዥ በያዘ መጽሐፍ፣ የስሌቱ ድካም ከአራት ሰዓት ወደ ግማሽ ሰዓት ገደማ ወረደ። መጽሐፉን ማንም መግዛት ይችል ነበር። የሃሪሰንን ሰዓት አስመስሎ ላርከም ኬንዳል የሠራው፣ ካፒቴን ኩክ በ1772 ይዞት የወጣው ሰዓት ግን 450 ፓውንድ ነው ያስወጣው። ክሮኖሜትርን የተራ መርከብ ዕቃ ያደረጉት በኋላ የመጡት ጆን አርኖልድና ቶማስ ኧርንሾ ናቸው፤ ሥራውን አቀለሉት፣ ዋጋውን አወረዱት። በፈረንሳይም ፒየር ለ ሯ በራሱ መንገድ በ1766 ድንቅ የባህር ሰዓት ሠርቶ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሲረሱ ያሳዝነኛል።

ሦስተኛ መንገድም ነበር፤ የጁፒተር ጨረቃዎች ግርዶሽ። ለዚህ ትልቅ የሩቅ ማያ መነጽር ሳይነቃነቅ መያዝ ያስፈልጋል፤ መርከብ ላይ አይሆንም። የብስ ላይ ግን በደንብ ይሠራል። በ1770 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ግሽ የደረሰው ጀምስ ብሩስ ኬንትሮሱን የለካው በዚሁ ዘዴ ነው።

ጨረቃን መለካት ቶሎ አልሞተም። ከ1895 እስከ 1898 ብቻውን ዓለምን በጀልባ የዞረው ጆሹዋ ስሎከም የያዘው ሰዓት ፊቱ ስለተሰበረ በአንድ ዶላር የተሸጠለት የቆርቆሮ ሰዓት ነበር። ፓሲፊክ ላይ ጨረቃን ለክቶ ያለበትን አረጋግጧል።

ጂፒኤስ ሲመጣ ሰዓት ቀረ ማለት

ጂፒኤስ ራሱ ሰዓት ነው። ሳተላይቶቹ የአቶሚክ ሰዓት ተሸክመዋል፤ መሣሪያው ምልክቱ ከየሳተላይቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ያሰላል። አንድ ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ነው። በአንጻራዊነት ሕግ ምክንያት እነዚያ ሰዓቶች ምድር ላይ ካሉት በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይቀድማሉ፤ ቢተዉ በአንድ ቀን ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ስህተት ይጠራቀማል። ስለዚህ ከመወንጨፋቸው በፊት ያንኑ ያህል እንዲዘገዩ ተደርገው ይስተካከላሉ። የቀረውን የእያንዳንዱን ሰዓት መዛባት የምድር ጣቢያዎች እየለኩ እርማቱን ወደ ሳተላይቱ ይልካሉ፤ ስልካችንም ከምልክቱ ጋር ተቀብሎ ያሰላዋል።