በፕሮሰሰር ሲሙሌተር ውስጥ የትሬድን ሁኔታ እንዴት መያዝ ይቻላል

የፕሮሰሰር ሲሙሌተር (የፕሮሰሰርን ሥራ የሚያስመስል ፕሮግራም) መጻፍ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ለመደመሪያው፣ ለመቀነሻውና ከሜሞሪ ለማንበቢያው ትዕዛዝ ነው። የእነዚህ ስህተት ግን ቶሎ ይታያል። ፈታኙ ስህተት ብቅ የሚለው ሁለተኛው ትሬድ (ራሱን ችሎ የሚፈጸም የትዕዛዞች ተከታታይ) ሲጨመር ነው። መንስኤውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ የትሬዱ ሁኔታ ከሚያስፈጽመው ኮር (ትዕዛዞችን ከሚፈጽመው የፕሮሰሰር ክፍል) ጋር ተደባልቋል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር 32 ቢት ሪስክ-ፋይቭን (ለሁሉም ክፍት የሆነ የፕሮሰሰር ትዕዛዞች ደንብ) ይከተላል፤ በፓይተንም ሆነ በሌላ ቋንቋ ሊጻፍ ይችላል።

በመጀመሪያ የትሬዱ የሆነውን ሁሉ ለይተው በአንድ ክላስ ውስጥ ያኑሩ። 32 ሬጅስተሮች (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ትናንሽ የቁጥር ማኖሪያዎች፤ ዜሮኛው ምንጊዜም ዜሮ ነው)፣ የሚፈጸመውን ትዕዛዝ አድራሻ የሚይዘው ፕሮግራም ካውንተር፣ የመቆጣጠሪያ ሬጅስተሮቹ፣ የሥልጣን ደረጃውና የትሬዱ መለያ ቁጥር እዚህ ይገባሉ። ሜሞሪው የጋራ ነው፤ ካሽ (ፈጣኑ ጊዜያዊ ሜሞሪ) እና የቅርንጫፍ መተንበያ (ፕሮግራሙ ወዴት እንደሚዘል የሚገምተው ክፍል) ደግሞ የኮሩ ናቸው። በዚህ ክፍፍል አይደራደሩ።

ቀጥሎ ትሬዱ ሊኖርባቸው የሚችሉትን ሁኔታዎች ይወስኑ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ኤም-ፋይቭና የዊስኮንሲኑ ጄምስ ተዋሕደው የተገኘው ጄም-ፋይቭ የተባለ ሲሙሌተር አራት ሁኔታዎች አሉት፦ ንቁ፣ የተገታ፣ በመቆም ላይ ያለና የቆመ። ሦስተኛው ትርፍ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ትዕዛዞችን ከተራቸው ውጭ በሚያስፈጽም ኮር ውስጥ ትሬዱ ውጣ ሲባል ገና ያልተጠናቀቁ ትዕዛዞች ይኖራሉ፤ እነርሱ እስኪጸዱ ድረስ ቆሟል ማለት አይቻልም። ሲሙሌተርዎ በአንድ ጊዜ አንድ ትዕዛዝ ብቻ የሚፈጽም ከሆነ ሦስተኛውን ሁኔታ ይተዉት።

ሁኔታውን የሚቀይሩት ሦስት ፈንክሽኖች ብቻ ይሁኑ፦ አንቃ፣ ግታ፣ አቁም። ከእነርሱ ውጭ ማንም ተለዋዋጩን አይንካ። እያንዳንዱ ፈንክሽን ለውጡ የተፈቀደ መሆኑን ይመርምር፣ ሰዓቱንና ፕሮግራም ካውንተሩን ይመዝግብ። የቆመ ትሬድ እንዲነቃ ከተጠየቀ ሲሙሌተሩ ስህተቱን ተናግሮ ይቁም፤ በዝምታ የታለፈ ስህተት ኋላ ላይ የትም ሊበቅል ይችላል።

ዋናው ዑደት ቀላል ነው፦ በየዙሩ ከእያንዳንዱ ንቁ ትሬድ አንድ ትዕዛዝ ይፈጽማል። ንቁ ትሬድ ከሌለ ሰዓቱን ወደሚቀጥለው ክስተት ያሻግራል። ሁሉም ተገትተው የሚጠበቅ ክስተትም ከሌለ የእያንዳንዱን ትሬድ ፕሮግራም ካውንተር አትሞ ይቆማል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው «ኢንተረፕት እስኪመጣ ጠብቅ» የሚለው ትዕዛዝ ነው፤ ኢንተረፕት ፕሮሰሰሩን ለሌላ ሥራ የሚጠራ ምልክት ነው። ትዕዛዙን እንዳዩ ትሬዱን መግታት አደገኛ ነው። ኢንተረፕቱ ቀድሞ ደርሶ ተራውን እየጠበቀ ከነበረ ሌላ ቀስቃሽ ላይመጣ ይችላል፤ ትሬዱም ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ በተናጠል የተፈቀደና ደርሶ የሚጠብቅ ኢንተረፕት መኖሩን ይመርምሩ፤ ካለ አይግቱት። እዚህ ላይ በቀላሉ የሚታለፍ ነጥብ አለ። በሪስክ-ፋይቭ ደንብ መሠረት አጠቃላዩ የኢንተረፕት ፈቃድ ቢዘጋ እንኳ የተገታው ትሬድ ይነቃል፤ ወደ ኢንተረፕት ማስተናገጃው ሳይሄድ ከሚቀጥለው ትዕዛዝ ይቀጥላል። ፈቃዱ ክፍት ከሆነ ወደ ማስተናገጃው ይሄዳል፤ የመመለሻ አድራሻው ግን ከመጠበቂያው ትዕዛዝ በኋላ ያለው ነው። ትሬዱን ከመግታትዎ በፊት ፕሮግራም ካውንተሩን በ4 ካሳደጉ ሁለቱም መንገዶች በትክክል ይሠራሉ።

ሌላው የሚረሳ ንብረት የሜሞሪ ይዞታ ነው። አንድ ትሬድ አድራሻን ይዞ ካነበበ በኋላ ሌላ ትሬድ እዚያ ላይ ከጻፈ፣ የመጀመሪያው ትሬድ ሁኔታዊ ጽሕፈት (ይዞታው ካልተሰረዘ ብቻ የሚሳካው) መክሸፍ አለበት። ይዞታውን በየትሬዱ ያስቀምጡ፤ ማንኛውም ጽሕፈት ሲፈጸም በዚያ አድራሻ ላይ ያሉትን የሌሎች ትሬዶች ይዞታ ይሰርዙ። ይዞታው በኮሩ ውስጥ ከተቀመጠና ኮሩ ሁለት ትሬዶችን ካፈራረቀ፣ አንዱ በሌላው ይዞታ ይጽፋል፤ ሁለት ትሬዶች የጋራ ዳታን በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚከለክሉት ቁልፎችም ይሰበራሉ።

ሁኔታው በአንድ ቦታ ከተሰበሰበ ቼክፖይንት (ኋላ የሚቀጠልበት የተቀመጠ ሁኔታ) ማስቀመጥ ክላሱን ወደ ፋይል መጻፍ ብቻ ይሆናል፤ ሜሞሪውንና የሚጠበቁትን ክስተቶች አብረው ያስቀምጡ። ኮር መቀየርም እንዲሁ ነው። በጄም-ፋይቭ ሊኑክስን በፈጣኑ ቀላል ሞዴል አስነስቶ ለመለኪያው ወደ ዝርዝሩ ሞዴል መሻገር የተለመደ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በመንገድ ላይ ያለ ሥራ ሁሉ እንዲጠናቀቅ ይደረጋል፤ በግማሽ የተፈጸመ ትዕዛዝ ለሌላ ሞዴል አይተላለፍምና።

ሥራዎን እንዲህ ይፈትኑ። አንድን ፕሮግራም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስኪዱ። ከዚያም እንደገና ያስጀምሩትና መሐል ላይ አስቀምጠው፣ ሲሙሌተሩን ዘግተው፣ ከፋይሉ ይቀጥሉ። በመጨረሻ የሁሉም ትሬዶች ሬጅስተሮችና ሜሞሪው አንድ መሆን አለባቸው። የሜሞሪ ይዞታ ቢጠፋ ፕሮግራሙ ደግሞ ስለሚሞክር በትክክል ሊጨርስ ይችላል፤ የተፈጸሙት ትዕዛዞች ብዛት ግን ይለያያል። ስለዚህ ብዛቱንም ያነጻጽሩ።