ከጠርሙስ ብርጭቆ ስትሠሩ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ባዶ ጠርሙስ ከአንገቱ በታች ቆርጦ የመጠጫ ብርጭቆ ማድረግ እቤት የሚሠራ ሥራ ነው። ዙሪያውን በመቁረጫ ትጭሩታላችሁ፣ ጭረቱ ላይ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ እያፈራረቃችሁ ታለያዩታላችሁ፣ ከዚያ ጠርዙን ታለሰልሳላችሁ። ሲበላሽ ግን አብዛኛው ሰው ጥፋቱን ሙቅ ውሃው ላይ ያላክካል። ወይም «ጠርሙሱ ደካማ ነበር» ይላል። ብዙውን ጊዜ ነገሩ የተበላሸው ከዚያ ቀድሞ፣ ጭረቱ ላይ ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ የተጀመረ ስንጥቅን ይገፉታል እንጂ መንገድ አያሳዩትም። መንገዱን የሚያሳየው ጭረቱ ነው። ስለዚህ ከታች የገጠማችሁን ችግር ስትፈልጉ መልሱ ደጋግሞ ወደ ጭረቱ ቢመልሳችሁ አይግረማችሁ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። የመስታወት መቁረጫ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ሳፋ፣ የመኪና ቀለም ቀቢዎች በውሃ የሚሠሩበት ጥቁሩ የብርጭቆ ወረቀት፣ ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር። መነጽሩን «ለአንዴ ነው» ብላችሁ እንዳትተዉት። የጠርሙስ ስባሪ ዓይን ከገባ ነገሩ የሐኪም ቤት ጉዳይ ይሆናል።

ስለ ጠርሙሱም አንድ ነገር ልበል። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ተመላሽ ነው፣ ከነሳጥኑ ይመለስ። ለዚህ ሥራ የሚመቸው የወይን ጠርሙስ ነው፤ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ፊደል ያልተቀረጸበት፣ ቀለም ያልታተመበት። በአንዳንድ ጠርሙስ ላይ የሚታተመው ቀለም እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዛማ ብረቶች ሊኖሩበት ስለሚችሉ ከንፈር የሚነካው ቦታ ላይ መኖር የለበትም። ከቆራሌ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ምን ሲቀመጥበት እንደኖረ አታውቁም። ላምባ ወይም የተባይ መድኃኒት ይሸት የነበረ ጠርሙስ የአበባ ማስቀመጫ ይሁን።

መቁረጫው ነጭ ዱቄት ይተፋል

ይህ እጃችሁ እንደከበደ ይነግራችኋል። ጥሩ ጭረት ለዓይን እንኳ በደንብ አይታይም። መቁረጫው ሲሄድ ስስና የማያቋርጥ ድምፅ ያሰማል፣ ወረቀት ላይ እርሳስ እንደሚሄደው። ዱቄት ከወጣ ግን መቁረጫው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ መንኮራኩር መስታወቱን እየፈጨችው ነው። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ጥቃቅን ስብራት ይተዋል። እያንዳንዷ ስብራት ደግሞ ለስንጥቁ የመሳሳቻ በር ናት።

እጃችሁን አቅልሉ። መንኮራኩሩን አንድ ጠብታ ላምባ ወይም ቀጭን ዘይት አስነኩት። አሁንም ዱቄት ካወጣ ወይም እየዘለለ ከጫረ መንኮራኩሩ ዶልዱሟል፣ ይቀየር። የተበላሸውን መስመር ግን ለማስተካከል ብላችሁ ደግማችሁ አትሂዱበት። አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሸሽታችሁ ንጹሕ ቦታ ላይ እንደ አዲስ ጀምሩ።

ጭረቱ ዞሮ ራሱ ላይ አልገጠመም

መቁረጫውን በእጃችሁ ይዛችሁ በቆመው ጠርሙስ ዙሪያ ስታዞሩት ነው ይህ የሚሆነው። መዞር ያለበት ጠርሙሱ ነው። ሁለት ጣውላ በቀጤ ማዕዘን ምቱና ጠርሙሱን አስተኙበት፣ ቂጡ አንዱን ጣውላ ተደግፎ ይቁም። መቁረጫውን በሚፈለገው ርቀት እሰሩት። ከዚያ ጠርሙሱን ቂጡ ከጣውላው ሳይላቀቅ አንድ ዙር አዙሩት። መጨረሻው መጀመሪያውን ሲነካ ትንሽ «ጠቅ» የሚል ነገር እጃችሁ ላይ ይሰማል። እዚያ ላይ አቁሙ።

የ750 ሚሊ ሊትር ወይን ጠርሙስ ከታች 11 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሲቆረጥ ወደ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ይወጣዋል።

ስንጥቁ መስመሩን ትቶ ሽቅብ ሄደ

በብዛት የሚያጋጥመው ይኼ ነው፤ ምክንያቱም አንድ አይደለም።

መጀመሪያ የምጠረጥረው ሲባጎውን ነው። በየቪዲዮው የምታዩት ነው፤ ሲባጎ አሴቶን ውስጥ ነክሮ ጠርሙሱ ላይ ጠምጥሞ ማቃጠል፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መክተት። እሳቱ መስመር አያውቅም። ሰፋ ያለ ቀበቶ ያህል ቦታ ያግላል፣ ስንጥቁም በዚያ ቀበቶ ውስጥ እንዳሻው ይሄዳል። አንዳንዴ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ እሱ ግን ዕድል ነው። በዚያ ላይ የአሴቶን ትነት በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም። እኔ ለማንም አልመክረውም።

ሁለተኛው ምክንያት ሁለቴ መጫር ነው። ሁለት ጭረት ጎን ለጎን ካለ ስንጥቁ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ሦስተኛው ቦታው ነው። ትከሻው መጉበጥ የሚጀምርበት ላይ ከጫራችሁ የመስታወቱ ውፍረት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ስንጥቁ ይሸሻል። ቀጥ ካለው ጎን አትውጡ። አራተኛው ስፌቱ ነው። የፋብሪካ ጠርሙስ ሁለት ግማሽ ባለው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ስለሚነፋ ጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ሁለት ስስ መስመር ይቀርበታል፤ በጥፍር ስትዳስሱት ይታወቃችኋል። መቁረጫው እዚያ ሲደርስ ሊዘል ይችላል። ጭረቱን ከስፌቱ ራቅ ብላችሁ ጀምሩ፣ ስፌቱን ስትሻገሩ እጃችሁ ሳይለዋወጥ ቀስ ብላችሁ እለፉ።

ጭረቱ ደህና ሆኖ ከሸሸ ግን ጥፋቱ አፈሳሰሱ ላይ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠርሙሱን ሳፋ ላይ አግድም ያዙ። ከማንቆርቆሪያው ቀጭን ውሃ ጭረቱ ላይ ብቻ እያፈሰሳችሁ ጠርሙሱን ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ዙሪያው በእኩል ሲሞቅ ወደ ቧንቧ ውሃ ውሰዱትና በተመሳሳይ መንገድ እያዞራችሁ አቀዝቅዙት። ውስጡ ገና ሙቅ ሆኖ ላይኛው ገጽ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ያ መሳሳብ ነው ጭረቱን የሚከፍተው። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ዙር ላይ ጭረቱ ሥር የሚያብረቀርቅ ነገር ሲሳብ ታያላችሁ። ስንጥቁ እየሄደ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በረዶ የገባበት ውሃም አትጠቀሙ። በጣም ከባድ ድንጋጤ ስንጥቁን ከመስመሩ ያስወጣዋል፣ የቧንቧ ውሃ ይበቃል።

አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። ለዚህ ሥራ አያንስም። ግን ከእሳት እንደወረደ ይፍሰስ። ፔርሙስ ውስጥ የቆየ ውሃ ሥራውን አይሠራም።

ብዙ ጊዜ ባፈራርቅም አይለያይም

ጭረቱ በጣም ስስ ሆኗል፣ ወይም የሆነ ቦታ ላይ ተቋርጧል። ብርሃን ፊት አዙራችሁ እዩት። የተቋረጠ ቦታ ካለ እሱን ብቻ በቀስታ አገናኙት፤ ይህ በመስመር ላይ መደገም የሚፈቀድበት ብቸኛ ጊዜ ነው። ጭረቱንም አታሳድሩት። መስታወት ቆራጮች እንደጫሩ ወዲያው ነው የሚሰብሩት።

ጠርሙሱ የሻምፓኝ ከሆነ ግን ተዉት። የዚያ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ግፊት ከተለመደው የአየር ግፊት ወደ 6 እጥፍ ስለሚደርስ ታስቦበት እንዲወፍር የተሠራ ነው። ለጀማሪ አይሆንም።

በምንም ዓይነት በእጅ ጠምዝዛችሁ ለመላቀቅ አትሞክሩ። ያን ጊዜ ነው መዳፍ የሚቆረጠው። በራሱ ካልተለያየ ሙቅና ቀዝቃዛውን አንድ ዙር ጨምሩ።

መስመሩ አምሮ ወጣ፣ ቂጡ ግን ተሰነጠቀ

ሙቅ ውሃ ወደ ታች ወርዶ ወፍራሙን ቂጥ አግሎታል፣ ወይም ትኩሱን ጠርሙስ ቀዝቃዛ ሴራሚክ ላይ አስቀምጣችሁታል። ሳፋው ውስጥ የታጠፈ ፎጣ አንጥፉ። ቂጡ የተሰነጠቀ አይድንም።

ጠርዙ ጥርስ አለው

እዚህ ላይ ጊዜያችሁን ስጡ። ይህ ዕቃ ሰው አፍ ላይ ነው የሚሄደው፣ ምናልባትም ልጅ አፍ ላይ።

የብርጭቆ ወረቀቱን 80 ወይም 120 ቁጥር (ቁጥሩ ሲያንስ ወረቀቱ ሻካራ ነው) ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንጥፉ፤ የመስኮት መስታወት ወይም የወለል ሴራሚክ ይሆናል። ውሃ አርከፍክፉበት። የብርጭቆውን አፍ ደፍታችሁ ሳትጫኑ በክብ በክብ እሹት። በየጥቂቱ ሩብ ዙር አዙሩት፣ አለዚያ አንድ ወገኑ ይበላል። ደርቆ አይሠራ፤ ደረቅ የመስታወት ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ውሃው ነጭ ሲሆን ለውጡት። አተላውን የወጥ ቤት ማጠቢያ ውስጥ አትድፉት፤ ይዝቀጥ፣ ውሃው ይፍሰስ፣ የቀረው በወረቀት ተጠርጎ ይጣል።

መስተካከሉን በዓይን ግምት አትመኑ። ጠርዙን ዙሪያውን ማርከር ቀቡት፣ ከዚያ ትንሽ እሹት። ቀለሙ ያልጠፋበት ቦታ ካለ ያ ቦታ ጎድጓዳ ነው፣ ቀጥሉ። ቀለሙ ሁሉም ጋ በአንድ ጊዜ ሲጠፋ ጠርዙ ሜዳ ሆኗል።

ከ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር በላይ የጠለቀ ስብራት በዚህ መንገድ ለማጥፋት ክንድ ይጨርሳል። ዝቅ ብላችሁ እንደገና ቁረጡት። ከጠርዙ ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ ካለ ግን መሞረድም ዋጋ የለውም። ስንጥቅ በሙረዳ አይቆምም፣ ዛሬ ባይሄድ ነገ ይሄዳል። የእስክሪብቶ ማስቀመጫ አድርጉት።

በእጅ ልስልስ ይላል፣ ከንፈር ላይ ግን ይሻክራል

ሁለት ነገር ተዘሏል። አንደኛው የቁጥሩ ቅደም ተከተል ነው። ከ120 ወደ 1000 መዝለል አይቻልም። 220፣ 400፣ 600፣ ከዚያ 1000 ነው፤ እያንዳንዱ የፊተኛውን ጭረት እስኪያጠፋ። ሁለተኛው የውስጠኛው ጠርዝ ነው። ሰው ላይኛውንና የውጪውን ያለሰልስና ውስጡን ይረሳል፤ ከንፈርና ምላስ የሚቆርጠው ግን እሱ ነው። ወረቀቱን ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ የውስጡንም የውጪውንም ሹል አፍ አዘንብላችሁ እያሻችሁ አለስልሱት። ጓንቱን አታውልቁ።

ሲጨርሱ ጥጥ ወስዳችሁ ጠርዙን ዙሪያውን አስኪዱት። ክሩን የያዘበት ቦታ ካለ አላለቀም።

ጠርዙ ነጣ ብሎ ቢቀር ምንም አይደለም። እንዲያንጸባርቅ ከፈለጋችሁ በሴሪየም ኦክሳይድ ዱቄትና በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። በጋዝ ችቦ አቅልጦ ማለስለስ የሚሉም አሉ። ፋብሪካ እንዲያ ሲያደርግ ዕቃውን ወደ 550 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ አሳልፎ ቀስ በቀስ ያቀዘቅዘዋል። ያ ካልተደረገ መስታወቱ ውስጥ የታመቀ ውጥረት ይቀራል፣ ከቀናት በኋላም ማንም ሳይነካው ሊፈነዳ ይችላል። እቤት በችቦ አትሞክሩት።

ሻይ ሲቀዳበት ጓ አለ

የጠርሙስ መስታወት ለትኩስ ነገር አልተሠራም። ሲሞቅ የሚሰፋው የላቦራቶሪ ብርጭቆ ከሚሰፋው ወደ ሦስት እጥፍ ነው፤ ውፍረቱም እኩል አይደለም። ለውሃ፣ ለጭማቂ፣ ለጠላ፣ ለጠጅ ይሁን። ሻይና ቡና አይቀዳበት፣ ቤት ውስጥ ላሉትም ለእንግዳም ይነገራቸው።

ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ የተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው የተደበቀ ስንጥቅ ነበረበት። ለዚህ ነው አዲሱን ብርጭቆ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መብራት ፊት ቀስ ብሎ ማዞር የሚያስፈልገው። ስንጥቅ ካለ ብርሃኑ ሲመታው ብልጭ የሚል መስመር ይታያል። በጥፍር ሲመታም ጥሩው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ፣ ቀጥሎ የቧንቧ ውሃ አሳልፉት። ሳህን ላይ መሰባበር ይሻላል እጅ ላይ ከሚሰበር።

የሚጣለውን ሁሉ፣ አንገቱንም ጭምር፣ በወፍራም ጋዜጣ ጠቅልላችሁ ካርቶን ውስጥ ክተቱና በጉልህ «ስባሪ ጠርሙስ» ብላችሁ ጻፉበት። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ከረጢቱን በእጃቸው ነው የሚያነሱት።