ጋኔን የያዘው ገጸ ባሕርይ፦ የጨዋታ መሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ በዳይስ የሚጫወትበትን የተረት ጨዋታ፣ የሚመራ ሰው ስለ ዛርና ስለ ውቃቢ ሲወራ እየሰማ ያደገ በመሆኑ፣ ጋኔን በገጸ ባሕርይ ላይ ሲሰፍር ምን እንደሚከተል ደንቡን ሳያነብ የሚያውቅ ይመስለዋል። የመጀመሪያው ስህተት ከዚህ ይመነጫል። የዛር «ፈረስ» የሆነ ሰው ከዛሩ ጋር የሚኖረው ግንኙነት ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ሲሆን፣ ዛሩም በቡና፣ በዕጣንና በግብር ይለመናል እንጂ በቀላሉ አይባረርም። የጨዋታው አያያዝ ግን ጊዜያዊ የሰውነት ነጠቃ ነው። ሁለቱን ማዋሐድ አይከለከልም፤ ነገር ግን መሪው የትኛውን እንደሚከተል አስቀድሞ ይንገር።

ሁለተኛውና ከሁሉም የከፋው ስህተት ገጸ ባሕርይው የተያዘበትን ተጫዋች ከጨዋታው ማስወጣት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የጨዋታው 5ኛ እትም ለሙት መንፈስ ያስቀመጠውና ብዙ መሪዎች ለጋኔንም የሚጠቀሙበት ደንብ እንደሚለው፣ በ5 ጫማ ርቀት ያለ ሰው በካሪዝማ (የስብዕናውን ጥንካሬ በሚለካው ነጥብ) ዳይስ ጥሎ 13 ወይም ከዚያ በላይ ካላመጣ ሰውነቱን ማዘዝ ያቅተዋል፤ የሚደረገውን ሁሉ ግን ያያል፣ ይሰማል። ስለዚህ መሪው የገጸ ባሕርይውን መረጃ የያዘውን ወረቀት ከተጫዋቹ ተቀብሎ «አንተ ቡና አፍላ» ከማለት ይልቅ የጋኔኑን ዓላማ በጆሮው ነግሮ ጋኔኑን ራሱ እንዲጫወተው ማድረግ በጣም ይሻላል።

ይህ ሲደረግ ሦስተኛው ስህተት አድብቶ ይጠብቃል። ወራሪው የራሱን አእምሮ፣ ጥበብና ካሪዝማ ይዞ በሰውየው ጉልበትና ቅልጥፍና ይጠቀማል እንጂ እውቀቱን፣ የሙያ ችሎታውንና ሥልጠናውን አያገኝም። አስማተኛን የያዘ ጋኔን የአስማተኛውን ድግምት መድገም አይችልም፤ የባልንጀሮቹንም ስም፣ ሲጠሩ ካልሰማ በቀር፣ አያውቅም። ቡድኑ ጠላቱን የሚያጋልጠው በዚህ ክፍተት በመሆኑ፣ ሁሉን አዋቂ ጋኔን የሚያመጣ መሪ የጨዋታውን ምርጥ ክፍል በገዛ እጁ ያጠፋል።

ስለ ማስለቀቅም የሚሳሳቱ አሉ። በጨዋታው ካህን የሆነ ገጸ ባሕርይ ሙታንን የሚያባርርበት ኃይል ለሙት መንፈስ እንጂ ለጋኔን አይሠራም። የእኛ አገር ተጫዋች መጀመሪያ የሚያስበው ጠበል ነው፤ በጨዋታው የተቀደሰ ውኃ ግን በገሃድ የቆመን ጋኔን በ2 ባለ 6 ገጽ ዳይስ ልክ ይጎዳዋል እንጂ ከሰው ውስጥ አያስወጣውም። የሚያስወጣው ክፉንና በጎን የሚሽረው የ5ኛ ደረጃ ድግምት ሲሆን፣ ከዚያው ወገን የሆነው የ1ኛ ደረጃ መከላከያ ደግሞ ቀድሞ ከተደረገ ጋኔኑን ከመግባት ያግደዋል። የሰውነቱ የሕይወት ነጥብ ወደ 0 ሲወርድም ወራሪው ይወጣል፤ ይሁን እንጂ ባልንጀራን ደብድቦ መጣል የመጨረሻ አማራጭ መሆን አለበት።

አንድ ጊዜ የተለቀቀ ወይም ዳይሱ የሠመረለት ሰው በዚያው መንፈስ ለ24 ሰዓት አይያዝም፤ ይህን የዘነጋ መሪ አንዱን ተጫዋች በየዙሩ ሲያስይዘው ያመሻል።