ስለ ብዝኃነት ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

በሰው ሀብት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ስለ ብዝኃነትና አካታችነት በቅን ልብ ተናግረን ሰው ስናስከፋ ደጋግሜ አይቻለሁ። ለሙያው አዲስ የሆናችሁ፣ እነዚህን ልብ በሉልኝ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ አዲስ ሠራተኛን በሙያው ሳይሆን በማንነቱ ማስተዋወቅ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። "የመጀመሪያዋን ዓይነ ስውር ባልደረባችንን እንቀበል!" አልኩ፣ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት። ጭብጨባው ቀለጠ። እሷ በትሯን አጣጥፋ ጭኗ ላይ እንዳደረገች ዝም አለች። በኋላ ቢሮዬ መጥታ "እኔ እኮ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። አሥር ዓመት ሠርቻለሁ። እሱን ለምን አልተናገሩም?" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። የሒሳብ ሶፍትዌራችን ጽሑፍ በድምፅ ከሚያነብላት ፕሮግራም ጋር አይሠራም። ቀድሞ የሞከረው ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ አጨብጭበንላት ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀመጠች። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም አካል ጉዳተኛው ከሌላው እኩል እንዲሠራ የሚያስፈልገውንና ከአቅም በላይ ያልሆነውን ማስተካከያ፣ መንፈግ ራሱ መድልዎ ነው ይላል። እባካችሁ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አዘጋጁ። ስታስተዋውቁ ሙያውን ተናገሩ፤ ሌላውን ባለቤቱ ከፈለገ ይናገራል።

በስብሰባ መሀል ወደ አንዲት ሴት ዞሮ "ሴቶች ምን ትላላችሁ?" ማለትም ይቅር። የተቀጠረችው ሴቶችን ሁሉ ወክላ ልትናገር አይደለም።

"ለእኔ ሰው ሁሉ እኩል ነው፣ ልዩነት አይታየኝም" የምትሉም አላችሁ። ከልባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ተመሳሳይ ሲቪዎች በተለያየ ስም ተላኩ። የነጭ የሚመስል ስም ያለባቸው፣ የጥቁር የሚመስል ስም ካለባቸው 50 በመቶ የበለጠ ጥሪ አገኙ። ያን ሲቪ የለዩ ሰዎችም ብትጠይቋቸው ልዩነት አይታየንም ሳይሉ አይቀሩም።

"ከእኛ ጋር አይሄድም" ብላችሁ አመልካች አትጣሉ። የማይሄደው ምኑ እንደሆነ መጻፍ ካልቻላችሁ ምክንያት የላችሁም።

አንድ ሠራተኛ ስለ አነጋገሩ ወይም ስለ ዘሩ ተቀልዶበት ሲመጣ ደግሞ "ቀልድ ነው፣ አታካብደው" እንዳትሉት። እናንተ ዘንድ እስኪመጣ ስንት ቀን እንዳመነታ አታውቁም። በሩን ዝጉና አስቀምጡት። የተባለውን፣ በተባለበት ቃል፣ ከነቀኑ ጻፉ። ከዚያ "ምን እንዲደረግ ትፈልጋለህ?" ብላችሁ ጠይቁት።